የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስጦታ ከደጁ ይጀምራል

(በማኅበራችን ዓመታዊ የለጋሾችና የቤተሰቦች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

 

ዛሬ እንድንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለኅብረተሰቡ ያለበት ኃላፊነትና የተለያዩ ሰዎችን በእኩልነት የማስተናገድ ግዴታው ነው። ርዕሱ ሲሰሙት ከየቲም ድጋፍ የራቀ ይመስላል። ይሁንና እናንተ በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ የሚደርሰው ልጅ ሕይወቱ በማን እጅ እንደሚያልፍ እናስብ። ሲወለድ የሚመዘግበው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። ሲታመም የሚሄደው ጤና ጣቢያ ነው። የሚማረው በአብዛኛው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አድጎ ሥራ ሲፈልግ ዓይኑን የሚጥለው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። የእኛ ድጋፍ ልጁ አካለ መጠን እስኪደርስ የሚዘልቅ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ያለው ግንኙነት ግን ዕድሜ ልኩን የሚቀጥል ነው። እኛ 15 ዓመት ደክመን ያሳደግነውን ልጅ አንድ የአገልግሎት መስኮት በአንድ ቀን ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው።

ስጦታና ኃላፊነት

«ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚለው ቃል ሲነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው በበዓል ዋዜማ የሚታደል ዱቄትና ዘይት፣ በመስከረም የሚሰጥ ደብተርና ቦርሳ፣ እንዲሁም በስጦታው ፊት ተሰልፈው ፎቶግራፍ የሚነሡ ሕፃናት ናቸው። ስጦታውን አናናንቅም። የተራበ የበላበት፣ የታረዘ የለበሰበት ነው፤ የሰጡትንም አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ስጦታው የኃላፊነቱ አንድ ክፍል እንጂ ሙሉው አለመሆኑን ማወቅ ይገባናል።

ነጋዴ ሰደቃ ሲሰጥ ከገዛ ገንዘቡ ቆርሶ ነው፤ አጅሩም የእርሱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የራሴ የሚለው ገንዘብ የለውም። በጀቱ ከግብር ከፋዩ የመጣ ነው። የመንግሥት የልማት ድርጅት ትርፍም ባለቤቱ ሕዝብ ነው። ግብር ከፋዩ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከተሜውም ገበሬውም፣ ሀብታሙም ሳሙና ስትገዛ ታክስ የምትከፍለው መበለትም አሉበት። እንግዲህ በኃላፊው እጅ ያለው አማና ነው። የአማና የመጀመሪያ ሐቁ ደግሞ ለባለቤቶቹ ያለ አድልዎ መድረሱ ነው። ከዚህ ተነሥተን ስናየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቁ ስጦታ ሥራውን በፍትሕ መሥራቱ ነው። በመስኮቱ ሰውን እያጉላላ በአዳራሹ ስጦታ የሚያድል መሥሪያ ቤት አንዱን ሐቅ ወስዶ ግማሹን እንደ ችሮታ የመለሰ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ በ2010 ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት ያወጣው አይ.ኤስ.ኦ 26000 የተሰኘ መመሪያ ለንግድ ኩባንያዎች ብቻ ሳይወሰን ለማንኛውም ዓይነት ድርጅት፣ ለመንግሥታዊውም ጭምር እንዲያገለግል የተዘጋጀ ነው። መመሪያው ኃላፊነትን በ7 ርዕሶች ይከፍለዋል፤ እነርሱም የድርጅቱ አመራር፣ ሰብዓዊ መብት፣ የሠራተኛ አያያዝ፣ አካባቢ፣ ፍትሐዊ አሠራር፣ የተገልጋዮች ጉዳይ፣ በመጨረሻም የአካባቢው ኅብረተሰብ ተሳትፎና ልማት ናቸው። ብዙዎች ሙሉው ነው የሚሉት ስጦታ ከ7ቱ በአንዱ ሥር ብቻ የሚገኝ ነው። የቀሩት 6ቱ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥና በደጁ የሚፈጸሙ ናቸው።

ሕጋችን ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በሀብት፣ በትውልድ ወይም በሌላ አቋም ልዩነት ሊደረግባቸው እንደማይገባ ደንግጓል። በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ወላጅ ላጡ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ አዟል። በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ አካል ጉዳተኞች፣ አረጋውያን፣ እንዲሁም ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲደረግላቸው ያዛል። እንግዲህ የቲምን የተመለከተው ግዴታ በአገሪቱ የበላይ ሕግ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ የሚገኝ ነው።

ስለ ቅጥርም የተደነገገ ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በሥራ ፈላጊዎች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ወይም በኤች አይ ቪ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። ክፍት ቦታ የሚያዘው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከሌሎች የተሻለ ውጤት ባገኘ ተወዳዳሪ እንዲሆን ካዘዘ በኋላ፣ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲገኝ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2010 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተተክቷል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ሥራውንና የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችለት ግዴታ ጥሏል።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ቅድሚያ ችሎታን አይጎዳምን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ያሻዋል። የሕጉን ቃል እናስተውል። ቅድሚያው የሚሰጠው ውጤቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ለሆነ ሰው ነው፤ ያልተማረውን በተማረው ላይ መሾም አይደለም። ደግሞስ ውጤቱ ራሱ ምን ይለካል? ማታ በኩራዝ እያጠናች፣ ቀን እናቷን ጉሊት እያገዘች 70 ያመጣች ልጅና በግል አስጠኚ ተረድቶ 72 ያመጣ ልጅ ቢወዳደሩ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የ2 ነጥብ ልዩነት ከችሎታ ይልቅ የኑሮን ልዩነት የሚናገር ነው። ሕጉ በዚህች ጠባብ ቦታ ብቻ ገብቶ ሚዛኑን ያቃናል።

ከቀደምት አርአያ

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በመዲና የነበረውን የሕዝብ ሥራ ስናስታውስ ሁለት ሰዎች በፊታችን ይቆማሉ። አንደኛው ከሐበሻ እናት የተወለዱት፣ ከባርነት ነፃ የወጡት ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ) ናቸው። ሰውን ሁሉ ወደ ሰላት የመጥራት ሥራ የተሰጠው ለእርሳቸው ነበር። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈትም በካዕባ ላይ ወጥተው አዛን እንዲያደርጉ የታዘዙት እርሳቸው ናቸው፤ በዚያን ሰዓት በዘራቸው የሚኮሩ የቁረይሽ ታላላቆች ከታች ሆነው ይሰሙ ነበር። ሁለተኛው ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ናቸው። እርሳቸውም ሙአዚን ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመቻ ሲወጡ መዲናን በእርሳቸው ኃላፊነት ይተዉ እንደነበር የሲራ መጻሕፍት ይዘግባሉ። ለእነዚህ ሰዎች ምጽዋት ተሰጥቶ በዳር እንዲቀመጡ አልተደረገም፤ ኃላፊነት ተሰጣቸው። በምጽዋትና በኃላፊነት መካከል ያለው ልዩነት የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ነው።

በመስኮቱ ፊት

የተለያዩ ሰዎችን ማስተናገድ በቅጥር ብቻ አያበቃም፤ በአገልግሎትም ይለካል። ሦስት ምሳሌ እናቅርብ።

የመጀመሪያው የባንክ ጉዳይ ነው። ብዙ ሙስሊሞች ወለድን በመሸሽ ገንዘባቸውን በቤት ያስቀምጡ፣ ወይም በባንክ ቢያስቀምጡም ልባቸው ሳያርፍ ይኖሩ ነበር። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። የሕዝብ ሀብት የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም እ.ኤ.አ በ2013 አገልግሎቱን ጀመረ። ከዚያም እ.ኤ.አ በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ። ባንኩ ለእኛ የሰጠን ምጽዋት የለም፤ የእምነታችንን ልዩነት ተገንዝቦ መስኮት ከፈተ፤ እርሱም በአስቀማጭ ተጠቀመ። የየቲም ገንዘብ የያዙ አሳዳጊዎችም አደራቸውን በንጹሕ ሕሊና የሚያኖሩበት ቦታ አገኙ።

ሁለተኛው የሕንፃ ጉዳይ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ሆኖም ጉዳዩ 4ኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አሳንሰሩ የማይሠራበት መሥሪያ ቤት ዛሬም አለ። በክራንች የሚሄድ ሰው በዚያ ደረጃ ሥር ቆሞ ሲቀር ማንም «አትግባ» አላለውም፤ ነገር ግን አልገባም።

ሦስተኛው የልደት ምዝገባ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ተጀምሯል። በአዋጁ መሠረት ወላጅ በሌለ ጊዜ አሳዳጊው፣ አሳዳጊም ከሌለ ልጁን የተረከበው ሰው ማስመዝገብ ይችላል። ይህ ግን በየመስኮቱ እኩል አይታወቅም። ባልዋን የቀበረች እናት «አባቱ ይምጣ» ስትባል፣ የእህቱን ልጅ የሚያሳድግ አጎት «አንተ ምኑ ነህ?» ሲባል የምንሰማበት ጊዜ አለ። የምዝገባ ወረቀት ያላገኘ ልጅ መብቱን በማስረጃ ማስረዳት ይቸግረዋል። አባቱ የተወለትን ውርስ ሲጠይቅም ልጅነቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ተጨማሪ በጀት አይደለም፤ ሕጉን የሚያውቅና ሰውን የሚያከብር አንድ ሠራተኛ ነው።

ከሌሎች አገሮች

ሌሎች አገሮች ይህን ኃላፊነት በሕግ ያሰሩበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል።

ሕንድ እ.ኤ.አ በ2013 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ አንቀጽ 135 በሀብት፣ በሽያጭ ወይም በትርፍ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ካለፉት 3 ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ጉዳይ እንዲያውሉ አዝዛለች። የመንግሥት ኩባንያዎችም በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ገንዘቡ ሊውልባቸው ከሚችሉ ጉዳዮች መካከል የሴቶችና የወላጅ አልባ ሕፃናት መኖሪያዎች በስም ተጠቅሰዋል። ወጪው በቦርድ ይወሰናል፤ በዓመታዊ ሪፖርት ይገለጻል። የኩባንያውን ሠራተኞች ብቻ የሚጠቅም ወጪ ከዚህ አይቆጠርም። ይህም ስጦታው ከአንድ አለቃ በጎ ፈቃድ ወጥቶ በሥርዓትና በሒሳብ እንዲመራ ያደርጋል።

ስኮትላንድ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ሄዳለች። እ.ኤ.አ በ2014 ባወጣችው የሕፃናትና ወጣቶች ሕግ በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ላደጉ ልጆች የአካባቢ ምክር ቤቶችን፣ የጤና ቦርዶችን፣ ፖሊስን፣ የእሳት አደጋ መከላከያን፣ ዩኒቨርሲቲዎችንና ኮሌጆችን «ተቋማዊ ወላጅ» ብላ ሰይማለች። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ልጆቹን ሊጎዳ የሚችለውን ነገር ነቅተው እንዲጠብቁ፣ የሚያስፈልጋቸውን እንዲያጠኑ፣ ጥቅማቸውን እንዲያስከብሩ፣ ዕድል እንዲያገኙ እንዲረዱ፣ የራሳቸውንም አሠራር እንዲያሻሽሉ ግዴታ አለባቸው። ግዴታው ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው አይቆምም፤ 16 ዓመት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ በእንክብካቤ ሥር ለነበረ ወጣት 26 ዓመት እስኪሞላው ይዘልቃል። አስተዋይ ወላጅ ልጁን በ18 ዓመቱ ከቤት አውጥቶ በሩን አይዘጋም፤ ሕጉም ይህንኑ ያስታወሰ ይመስላል። እኛም በዚህ ጉባኤ ልናስብበት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። የእኛ ልጅ ድጋፉ ሲያበቃ ማን ይቀበለዋል?

ለራሳችን የምንለው

ሌላውን በፍትሕ ስንጠይቅ ራሳችንንም በዚያው ሚዛን ማስቀመጥ ይኖርብናል። ማኅበራችን የሙስሊሞች ማኅበር ነው። የምንሰበስበው ዘካ በሸሪዓ ለተደነገጉት 8 ወገኖች ብቻ የሚውል ነው፤ የቲምም ቢሆን የሚሰጠው ድኻ ከሆነ ነው። በዚህ ላይ ለውጥ የለም። ነገር ግን ከመንግሥት የልማት ድርጅት የሚመጣ ገንዘብ ዘካ አይደለም፤ የሁሉም ዜጋ ገንዘብ ነው። ያንን ገንዘብ ተቀብለን የእኛን ልጅ ብቻ ብንመግብ፣ ከጎናችን ያለችውን የጎረቤታችንን ወላጅ አልባ ልጅ «እምነትሽ ሌላ ነው» ብለን ብንመልሳት፣ በሌላው ላይ የተቃወምነውን አድልዎ በራሳችን እጅ ሠራነው ማለት ነው።

ይህን ስንል ከለጋሾቻችን መካከል ቅር የሚለው እንደሚኖር እናውቃለን። «ለእኛ ልጆች ያልበቃውን እንዴት ለሌላ እናካፍላለን?» የሚል ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው፤ የእኛ የሆነውን አናካፍልም፤ የሕዝብ የሆነውን ግን ለብቻችን አንይዝም። ስለዚህ ከመንግሥት ድርጅት የሚመጣ ገንዘብ በሌላ መዝገብ መያዝ፣ በችግር መጠን ብቻ መታደል፣ ሒሳቡም ለሰጪው በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ስጦታው ሲሰጥም የልጆቹ ፊት ለማስታወቂያ አይውልም። ዛሬ የተነሣው ፎቶግራፍ ልጁ አድጎ ለሥራ ሲወዳደር ወይም ለጋብቻ ሲታሰብ ተከትሎት ይመጣል። ክብሩን በዱቄት መለወጥ የለብንም።

የምንጠይቀው

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች የምናቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለየቲሞች መስጠት ስታስቡ ከዱቄቱ ጋር የሥራ ልምምድ ቦታ ጨምሩልን። በክረምት ወራት በመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ቤት፣ በጋራዣችሁ፣ በሒሳብ ክፍላችሁ አንድ ልጅ ቢለማመድ ከዓመት ቀለብ የበለጠ ይጠቅመዋል። ልጁም ከማንኛውም እምነትና ብሔረሰብ ይሁን። ሁለተኛ፣ የሥራ ማስታወቂያችሁን ዘመድ የሌለው ሰው በሚያየው ቦታ ለጥፉ። የቲም የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ «ቦታ ተከፍቷል» ብሎ የሚነግረው አጎትም ይጎድለዋል። ሦስተኛ፣ በመስኮት ለሚሠሩ ሠራተኞች አባት የሌለው ልጅ፣ መስማት የተሳነው፣ አማርኛ የማይናገር ሰው ሲመጣ እንዴት እንደሚስተናገድ አስተምሩ።

ለጋሾቻችን ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በእነዚሁ መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ ናችሁ። በወር መጨረሻ ለየቲም የምትሰጡት ገንዘብ ሰደቃ ነው። ጠዋት በመስኮታችሁ ፊት የቆመችውን መበለት ሳታመላልሱ የምትፈጽሙላት ጉዳይ ደግሞ ደሞዝ የምትቀበሉበት ግዴታችሁ ነው፤ በኢኽላስ ከሠራችሁትም ዒባዳ ይሆናል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

እናቶችና አሳዳጊዎች ሆይ፤ እናንተም መብታችሁን ዕወቁ። ልጃችሁን ስታስመዘግቡ የምትለምኑት ነገር የለም፤ በሕግ የተሰጣችሁን ትጠይቃላችሁ። የምትመለሱ ከሆነ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ኑ፤ አብረናችሁ እንሄዳለን፤ አቤቱታም እንጽፋለን። ልጆቻችሁም አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲወዳደሩ አበረታቷቸው።

አላህ የሥልጣን አማና የተሸከሙትን ፍትሕን ያድላቸው። የለጋሾቻችንን ሥራ በመልካም ይቀበል፤ ልጆቻችንንም ነገ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠው ሌላውን በክብር የሚያስተናግዱ ያድርጋቸው። አሚን።